አይሱዙው ከሙዙ ጋር ምን ጫነ?

ከላንቴ፣ ከጫኖ ሚሌ፣ ከኮላ ሻራ የውሃ ተራችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ ከጨንጫ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ወርዳችሁ እዚህ ሙቀት ውስጥ ያወለቃችሁ የአፕል ገበሬዎች፤ የልማት ሠራተኞች፤ ወንበር ጠፍቶ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ተናገር ተብዬ ነው የተጠራሁት። እኔ ግን በመኪና ልጀምር።

ሁላችሁም የምታውቁት መኪና ነው። ማታ ማታ ላንቴ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወጣቶች ዘለላ እየተቀባበሉ ሲጭኑት፣ ደላላው በስልክ ሲጮህ፣ ገበሬው ጥግ ቆሞ በልቡ ሲቆጥር ታዩታላችሁ። 50 ኩንታል ሙዝ ጭኖ በወላይታ ሶዶ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከፒያሳ ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት የሰፈረው አትክልት ተራ ያራግፋል። ገንዘቡ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲቀናን ሙሉውን፣ ሳይቀናን ግማሹን። እስቲ ዛሬ ተመልሶ የማይመጣውን እንቁጠር።

በአንድ ኩንታል ሙዝ ውስጥ፣ ከነልጣጩ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ፖታሲየም አለ። ስለዚህ 50 ኩንታል የጫነው አይሱዙ 25 ኪሎ ያህል ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። ይህን ወደ ማዳበሪያ ብንመነዝረው፣ ፖታሽ የምንለው ማዳበሪያ ግማሹ ያህል ነው ንጹሕ ፖታሲየም የሚሆነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ 50 ኪሎ ከረጢት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከላንቴ የሚነሣ እያንዳንዱ የሙዝ መኪና ከሙዙ ሥር አንድ ከረጢት ፖታሽ ደብቆ ይወጣል። ኬላ ላይ አይፈተሽም፤ ደረሰኝም የለው። ከዚያው ጋር 10 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይሄዳል፤ ይኸኛው ከ20 ኪሎ ዩሪያ ጥቂት ከፍ ይላል። ፎስፈረሱ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይዘልም። አዲስ አበባ ያለው ጭማቂ ቤት ሙዙን ልጦ ልጣጩን ይጥለዋል፤ ከሁሉ ይበልጥ ፖታሲየም ያጨቀው ልጣጩ ነበር። የጋሞ አፈር ቆሼ ላይ ተከምሮ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት ተሳስቼ መስሎኝ እንደገና ሠራሁት። ያው ወጣ።

አሁን አንዱ ተነሥቶ «ማዳበሪያ እየገዛን አይደለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ምን እንደምንገዛ እንይ። ዩሪያ፣ ነጩ ማዳበሪያ፣ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ሌላ የተክል ምግብ የለውም። በዳፕ ቦታ የመጣው ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ይዟል። ፖታሲየም ዜሮ። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ ከረጢቱ ሲታሰብ የታሰበለት ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ነው። ሙዝ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ፖታሲየም የሚበላ ተክል ነው። እንግዳው ጥሬ ሥጋ ሲያምረው እኛ ሽሮ እየደጋገምን እናቀርብለታለን፤ ሽሮውን ደግሞ ብዙዎቻችን ለበቆሎው ሰጥተን ለሙዙ የምናደርሰው የተረፈውን ነው።

እዚህ ላይ ሐሰት እንዳልናገር። ነገ ጠዋት ሙዛችሁ ይጠፋል ማለቴ አይደለም። የጫኖና የላንቴ ሜዳ ወንዝ ያነጠፈው ደለል ነው፤ ደለሉ የወረደው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ፖታሲየም በተፈጥሮው ይዟል። አያቶቻችን ባንክ አስቀምጠውልን ሄደዋል። የኔ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ ሒሳብ በየሳምንቱ እናወጣለን፣ ቀሪው ስንት እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። የሚገባውን ማዳበሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይቆጥራል፣ ወረዳው ይቆጥራል፣ ሬዲዮ ያወራል። የሚወጣውን የሚቆጥር የለም።

ባንኩ ውስጥ ያስቀመጠው ማን ነው? ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ። ዶርዜና ጨንጫ። እዚያ ላይ ከእንሰቱ ሥር ያለውን አፈር የቆፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ ልል፣ ሽታው ደስ የሚል። የተሠራ አፈር ነው። የጋሞ እናቶች ፍጉን ከበረት እያወጡ፣ አመዱን እየጨመሩ፣ ለስንት ትውልድ በጀርባቸው ተሸክመው ያደለቡት ነው። ከጓሮው ራቅ ብላችሁ ወደ ገብሱ ማሳ ስትሄዱ አፈሩ ይገረጣል፤ ጀርባ የሚችለው ርቀት አለቀ ማለት ነው። እኔ ማንም ሳይንቲስት ሳይነግራቸው የማዳበሪያ ጉዞን የተከታተሉ ሰዎች አሳየን ብትሉኝ እነዚህን እናቶች ነው የማሳያችሁ። ከብቱ ሩቅ የጋጠውን ሣር ቤት ያመጣል፣ ቤት የገባው ጓሮ ይወርዳል፣ ጓሮው እንሰት ይሆናል። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቁታል።

ዝናቡ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ከዳገቱ ላይ የታጠበው አፈር በሐሬ ወንዝ ይወርዳል። ጎርፍ ሲሆን ከፊሉ ማሳችሁ ላይ ይተኛል፤ ሽማግሌዎቹ «ጎርፍ የገባበት ሙዝ በሁለተኛው ዓመት ይፋፋል» የሚሉት ለዚህ ነው። ደጋው ያጣውን ቆላው ይቀበላል። የተረፈው ወደ አባያ። አባያ ለምን ቀይ ሆነ፣ ጫሞስ ለምን አልሆነም እያላችሁ ለቱሪስት የምትመልሱ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ ያ ቀለም በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ መዝቀጥ ያቃተው ደቃቅ አፈር ነው። ሐይቁ ውስጥ የምታዩት የተራራውን ቆዳ ነው።

ከዚህ ቀይ ውሃ ጋር የሚሄደው በተለይ ፎስፈረስ ነው። የፎስፈረስና የናይትሮጅን ጠባይ የማይገናኝ ነው። ፎስፈረስ የቤት ልጅ ነው፤ የአፈሯን ቅንጣት ይዞ አይለቅም፣ ውሃ ቢያልፍበትም ንቅንቅ አይልም። የሚሄደው ቤቱ ራሱ ሲፈርስ፣ ቅንጣቷ በጎርፍ ስትወሰድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤንፒኤስ ከጨመራችሁ በኋላ የምትጠብቁት የማሳውን ጠርዝና የቦዩን አፍ ነው፤ ከማሳው የሚወጣው ውሃ ደፍርሶ ከወጣ ማዳበሪያው አብሮ ወጥቷል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ነው። የገባውን ውሃ በአንዱ፣ የወጣውን በሌላው ቀድታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ናይትሮጅን ግን መንገደኛ ነው።

ዩሪያ አፈር ሲነካ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አሞኒየም ለጊዜው የሸክላ አፈር ቅንጣት ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ደግሞ የሚያቅፈው የለም። አፈሩ አይዘውም። ውሃው ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል። ተክሉ የሚወደው እንግዲህ በዚህ መልኩ ሲመጣለት ነው፤ የሚያመልጠውም በዚሁ መልኩ ነው። መካከለኛ ልልነት ባለው አፈር ላይ፣ አፈሩ ጠግቦ ሳለ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ትርፍ ውሃ ብትለቁበት፣ ናይትሬቱን 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ይገፋዋል። የሙዝ ሥር አብዛኛው ከላይ ባለው 40 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። እንዲህ ደጋግሞ ውሃ ከመጠን በላይ ጠጣ ማለት፣ ዩሪያው ከሥሩ በታች ወርዶ ሙዙ ከላይ አንጋጦ ቀረ ማለት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እዚህ ደግሞ በሁለት ሐይቅ መካከል ያለውን ልጅ ውሃ አስራበው።

ወጣት ሳለሁ ይህን አንድ አባት ማሳ ላይ ቆሜ አስረዳሁ። ውሃው ገና ግማሽ ቀን ሲፈስ ነበር። «አባቴ፣ በቃው፣ ይዝጉት» አልኳቸው። በዶማቸው ላይ ተደግፈው ሰሙኝ፤ በጣም በትሕትና ነው የሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የሚቀጥለው ተራዬ በቀኑ እንደሚደርሰኝ ፈርምልኝና አሁኑኑ እዘጋዋለሁ» አሉ። ብዕር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፊርማ ግን አልነበረኝም። ገበሬው ውሃ የሚያበዛው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የላይኛው መንደር ውሃውን ጠልፎ የታችኛው ሁለት ሳምንት ሲጠብቅ ከኖረ፣ አፈሩን እንደ ጋን ሞልቶ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ችግሩ አፈሩ ጋን አለመሆኑ ነው፤ ከሞላ በኋላ ከታች ያፈሳል።

ከዚያ ቀን በኋላ ገበሬን «ዝጋ» ማለት ትቼ ውሃው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። አውስትራሊያዊው የአፈር ተመራማሪ ሪቻርድ ስተርዛከር የሠራው አንድ መሣሪያ አለ፤ ፉልስቶፕ ይባላል። ቅርጹ ዘይት ስንቀዳ የምንጠቀምበትን ማጥለያ ይመስላል። አፈር ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ውሃው ከላይ እየረጠበ ወርዶ ማጥለያው ጋ ሲደርስ ውስጡ ያለች ተንሳፋፊ ነገር ብድግ ትልና ከመሬት በላይ ያለችውን ምልክት ታነሣታለች። ባትሪ የለው፣ ስልክ የለው። ለሙዝ አንዱን 20 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛውን 40 ሴንቲሜትር ላይ ብትቀብሩ፣ የላይኛዋ ስትነሣ «ሥሬ ጠጣ»፣ የታችኛዋ ስትነሣ «አሁን የምትለቀው ለእኔ አይደለም» እያለች ነው። እዚህ አገር ውስጥም አዲስ ነገር አይደለም፤ ጎጃም ውስጥ በቆጋ መስኖ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተሞክሯል።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ጥቅሙ ነው። ማጥለያው ሥር ጥቂት ውሃ ይቀራል። በቀጭን ቱቦና በሲሪንጅ ስባችሁ ታወጡታላችሁ፣ የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት ትነክሩበታላችሁ። ወረቀቱ ነጭ ከቀረ ናይትሬት የለም፤ ወደ ሐምራዊ በጠቆረ ቁጥር ብዙ አለ። 20 ሴንቲሜትር ላይ ሐምራዊ፣ 40 ላይ ነጭ ከሆነ እሰየው፤ ማዳበሪያው ተክሉ አፍ ላይ ነው። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሐምራዊ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ገንዘባችሁን ከኋላው ነው እያያችሁት ያላችሁት። ተጨማሪ ዩሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ቀንሱ።

ከሥር በታች የወረደው ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል። ስሟን ከምድር ከሚፈልቅ ውሃ ባገኘችው በአርባ ምንጭ ከተማ ቆሜ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። በማሳ መካከል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ለምትጠጡ ቤተሰቦች ግን አንድ ቁጥር ልተውላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳው በጡጦ የሚጠጣ ጨቅላ ነው። ያው ወረቀት ለጉድጓዱም ይሠራል።

ወደ ላይ ስለሚሄደው ብዙ አልልም። ዩሪያ በጠራራ ፀሐይ አፈር ላይ በትናችሁ ከሄዳችሁ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ የእኛ የቆላው አፈር ወደ አልካሊ የሚያደላበት ቦታ ላይ ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ዶማ ነው፤ አልብሱት፣ ወይም በልኩ ውሃ አስከትሉት። ወደ ሐይቁ ቀረብ ያላችሁ ደግሞ በበጋ አፈሩ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ካያችሁ ማዳበሪያ ተርፎ እንዳይመስላችሁ። ከታች ያለው ውሃ ቅርብ ሲሆን ፀሐይ ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። እዚያ ላይ ዩሪያ መጨመር በቁስል ላይ ጨው ነው፤ ይቅርታ፣ ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ፣ ነገሩ ራሱ ጨው ሆነ።

ጨንጫዎች፣ እናንተን አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ያመጡት አፕል ዛሬ ከሽመናው ጎን የጨንጫ መታወቂያ ሆኗል። እናንተ ጋ ግን የቆላው ምክር ግማሹ አይሠራም። ዝናባችሁ ብዙ ነው፤ ለዘመናት አጥቦ አጥቦ አፈራችሁን አሲዳማ አድርጎታል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል። አንድ ከረጢት ኤንፒኤስ ከአርባ ምንጭ ገበያ ተነሥቶ ግማሹ ጫኖ፣ ግማሹ ዶርዜ ቢሄድ፣ ጫኖ ላይ ከጎርፍ ጋር እንዳይሄድ ትፈራላችሁ፤ ዶርዜ ላይ ደግሞ እዚያው ተቆልፎ እንዳይቀር። ዶርዜ ላይ መጀመሪያ የሚለካው የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤች፣ ነው፤ ከ5.5 በታች ከሆነ ከማዳበሪያው በፊት ኖራ። በአንድ ዞን፣ በአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ፣ ያው ማዳበሪያ ሁለት ዕጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር መረጃ ሥራ፣ ኢትዮሲስ የሚባለው፣ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም በየቦታው እንደጎደሉ አሳይቷል። ካርታ ግን ካርታ ነው። ከላይ ያየውን ይነግራችኋል፤ በእናንተ ቦይ ትናንት የሄደውን አያይም።

እሱን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ የምታዩበትም ነገር ርካሽ ነው። ሙዝ ራሱ ይናገራል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ከጫፍና ከጠርዝ ጀምረው ብርቱካናማ ቢጫ እየሆኑ፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ቶሎ ከደረቁ ፖታሲየም እየጠራ ነው። አሮጌው ቅጠል ጠቅላላው ከገረጣ ናይትሮጅን ነው። አዲሱ ቅጠል ጠቦ፣ ነጣ ያለ ሸንተረር ካወጣ ዚንክን ጠርጥሩ። ይሁንና ቅጠል ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ሲያማርር ምርቱ ቀንሷል። አፈር ስትመረምሩ ደግሞ ከአንድ ቦታ ዘግናችሁ አትላኩ፤ ከበረት አጠገብም አትዝገኑ። ከማሳው ዙሪያ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ከዚያም ለብቻው ከ30 እስከ 60፤ በባልዲ ቀላቅላችሁ ኪሎ ያህል ለሶዶ ላቦራቶሪ። ሁለተኛውን ጥልቀት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያመለጠው የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

አሁን ግን የምለምናችሁ ይህን ሁሉ አይደለም፤ አንድ ረድፍ ነው። ከማሳችሁ ውስጥ አንድ ረድፍ ማዳበሪያ አትስጡት። ውሃው፣ አረሙ፣ ሁሉም እኩል ይሁን፤ ማዳበሪያው ብቻ ይቅርበት። ከጎኑ ሌላ ረድፍ ላይ የተቆረጠውን የሙዝ ግንድና ቅጠል ከትፋችሁ እዚያው ሥሩ ላይ አንጥፉት፤ ሙዙ ከአፈር የወሰደው ፖታሲየም ትልቅ ድርሻው የሚቀረው ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ነው፣ መኪናው ላይ ያልወጣውን እንኳ ማሳው ያግኘው። ከዚያ ዘለላ ስትቆርጡ የየረድፉን በሚዛን ለኩ። ልጆቻችሁ ደብተር አላቸው፤ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ውሃ የገባበትን ሰዓት ይጻፉ። ሁለት ዓመት የተጻፈ ደብተር ይዞ የመጣ ገበሬ ከእኔ ጋር ሲከራከር እኔ ነኝ የምሸነፈው፤ ተሸንፌም አውቃለሁ።

የአገሪቱ የማዳበሪያ ወሬ የሚሞቀው ለመኸር ነው። የእኛ ዋና ዝናብ ግን በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ትንሹ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። በዝናቡ ዋዜማ አንድ ጊዜ ሁሉን መበተን፣ መንገደኛውን ስንቅ አሲዞ መኪና ማሳፈር ነው። ከፋፍላችሁ ስጡ። በየስንት ጊዜ? ለዚህ መልሱ ማሳችሁ ውስጥ እንጂ እኔ ጋ የለም፤ ስለዚህ ንግግሩን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ ውጭ ልውሰዳችሁ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከማንጎው አጠገብ ባሉት ጥቂት የሙዝ ተክሎች ሥር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ማጥለያዎች ቀብሬያለሁ። ከዚያ ዩሪያ ተሰጥቷል፤ ዘበኛው ደግሞ ዛሬ ጠዋት በለመደው መንገድ ውሃ አጠጥቷል፤ ምን ያህል እንዳጠጣ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። አጠገቡ 60 ሴንቲሜትር የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ወርዶ ግድግዳውን በእጁ የሚዳብስ ካለ ሥሩ የት እንደሚያልቅ ያገኘዋል። ሲሪንጁና ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። የታችኛዋ ምልክት ተነሥታ እንደሆነ እኔም ገና አላየሁም። አባቶች ይቅደሙ፤ አፈሩ እርጥብ ነውና ጫማችሁን አውልቁ።